በወዲህ ተፈትኖ በወዲያ የጠፋው ፕሮግራም

«ተፈትኗል» የምትል አንዲት ቃል ጽፌ ፈርሜያለሁ። በማግስቱ በዚያች ቃል ምክንያት አንድ ሰው ከፊቴ ሊሞት ሲል አይቻለሁ። ብዙ የማወራ ሰው ስላልሆንኩ ነገሩን እስከ ዛሬ ለማንም ዘርዝሬ አልተናገርኩም። አሁን የምጽፈው በተለይ ኮምፒውተር የምትጠግኑ፣ ስልክ የምትፈቱ፣ መብራት የምትዘረጉ፣ «ይኸው፣ ይሠራል» ብላችሁ ዕቃ የምታስረክቡ ሁሉ እንድታነቡልኝ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የምኖረው ሞያሌ ነው፤ በኬንያ በኩል ባለው። እናትና አባቴ ከኢትዮጵያ ወጥተው ዋልዳ ካምፕ ከነበሩት ስደተኞች ናቸው። ካምፑ ሲዘጋ እነሱ እዚሁ ቀሩ፤ እኔም እዚሁ ተወለድኩ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ስልክ ጥገና ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ከመደርደሪያ ሥር የተጣለ ላፕቶፕ አገኘሁ፤ ባለቤቱ «ካስነሳኸው ያንተ ነው» አለኝ። በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ጫንኩበትና ስህተት እየሠራሁ፣ ስህተቴን በደብተር እየጻፍኩ ተማርኩ። ከጊዜ በኋላ የከተማው ሰው «ፈንዲ» ይለኝ ጀመር፤ በስዋሂሊ የእጅ ባለሙያ እንደማለት ነው። መታወቂያዬ ግን ገና አልወጣም ነበር። ኪሴ ውስጥ የነበረው ማመልከቻዬ እየታየ መሆኑን የሚገልጽ፣ ከመታጠፍ ብዛት መሀሉ የተቀደደ ወረቀት ብቻ ነው። ይህን የማነሳው ያን ቀን ምን እንዳስፈራኝ እንዲገባችሁ ነው።

ከደንበኞቼ አንዷ ሲስተር ጡሜ ነበረች። የቦረና ሴት ናት፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አነስተኛ ክሊኒክ ታስተዳድራለች። አማርኛዋን የለመደችው ከሾፌሮች ነው፤ ስትቆጣ ኦሮምኛ፣ ስትቸኩል ስዋሂሊ ይቀላቀልባታል። ክሊኒኩ ውስጥ እንደ ወፍራም መጽሐፍ የምታህል ሳጥን አለች። ገመዶቿ ታማሚው ደረት፣ እጅና እግር ላይ ይለጠፉና የልቡን ምት ታነባለች። የራሷ ስክሪን የላትም፤ ወረቀትም አታወጣም። ያነበበችውን በኮምፒውተሩ ብሮውዘር በኩል ናይሮቢ ላለ የልብ ሐኪም ታደርሳለች፤ እሱ አይቶ ምን መደረግ እንዳለበት በስልክ ይናገራል። ለዚህ ምርመራ ሌሎች ክሊኒኮችም ሰው ወደዚያ ይልኩ ነበር።

ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት አካውንት አለ። የአንዱ ስም «ወዲህ» ነው፣ የሌላው «ወዲያ»። ከኬንያ በኩል የመጣ ታማሚ በ«ወዲህ» ይመዘገባል፤ ከኢትዮጵያ በኩል የመጣ በ«ወዲያ»። ይህን ደንብ ያወጣችው ራሷ ሲስተር ጡሜ ናት። በአንድ ወቅት ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ ማዶ፣ መዝገባቸው ተቀላቅሎ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ሊሰጥ ሲል በመከራ ተረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማዶውን ሰው በ«ወዲህ» መክፈት ክሊኒኩ ውስጥ እንደ ነውር ይቆጠራል። ማንም አያደርገውም፤ ማንም ለማድረግ አያስብም።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ዕለት ነው። የክሊኒኩ ኮምፒውተር ሲስተም ተበላሽቶ አልነሳ ስላለ ጠዋት ወስጄው ከሰዓት በኋላ ሊኑክስ ጭኜበት መለስኩት። ሁለቱን አካውንቶች እንደነበሩት ከፈትኩ፤ መዝገባቸውን መለስኩ። የቀረኝ ሳጥኗን ከብሮውዘሩ ጋር ማገናኘት ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ብሮውዘር ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካን ዕቃ እንደፈለገ እንዲነካ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ኤክስቴንሽን አለ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጥና ሳጥኗን የሚያነብ ረዳት ፕሮግራም አለ፤ ሁለቱን የምታስተዋውቅ ደግሞ ከአሥር መስመር የማትበልጥ ፋይል አለች። ፋይሏ እንደ ደብዳቤ ናት። የረዳቱ ስም ይህ ነው፣ ያለበት ቦታ ይህ ነው፣ ሊጠራው የተፈቀደለት ይህ ኤክስቴንሽን ብቻ ነው ትላለች። ከሦስቱ አንዱ ከተዛነፈ ረዳቱ እዚያው ቁጭ ብሎ ብሮውዘሩ «አላየሁትም» ይላል።

ሁሉንም ጫንኩ። ለመሞከር ደረቴን ገልጬ አልጋው ላይ ወጣሁ። ሲስተር ጡሜ ገመዶቹን ለጠፈችብኝ፤ የሳጥኗ መብራት አረንጓዴ ሆነ፤ የልቤ ምት ስክሪኑ ላይ መሰመር ጀመረ።

«ልብ አለህ ለካ!» አለችኝ እየሳቀች። «ዝም ስትል እኔ ባዶ ነው ብዬ ነበር።»

ከአልጋው ወርጄ በክሊኒኩ የሥራ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የሠራሁትን፣ በመጨረሻም «ተፈትኗል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ተኝቼ የተፈተንኩት እኔ ነኝ። የኬንያ በኩል ሰው ነኝ። የተከፈተው አካውንት «ወዲህ» ነበር። ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

አርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ፈንዲ፣ ሳጥኗ እምቢ አለች። የልብ ሰው መጥቶብኛል። ሃራካ!» ብላ ዘጋችው፤ ቶሎ በል ማለቷ ነው።

ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ብስክሌት ይዤ በአሥር ደቂቃ ደረስኩ። ክሊኒኩ በር ላይ ቦሎቄ የጫነ ባለ ኢትዮጵያ ታርጋ ተሳቢ መንገዱን ግማሽ ዘግቶ ቆሟል። ስገባ አልጋው ላይ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ግንባሩ በላብ የራሰ ወፍራም ሰው ተኝቷል። ገመዶቹ ተለጥፈውበታል። ፊቱ የዝናብ ደመና መስሏል። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ጨብጦ ይዟል። ሾፌሩ ጋሽ ደምሴ እሱ ነበር። አጠገቡ የቆመው ረዳቱ ገመቹ ይባላል፤ ከሾፌሩ በዕድሜ የሚስተካከል፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው።

«ይሄ ነው?» አለ ገመቹ ከላይ እስከ ታች እያየኝ። «ማሽኗን የነካካት ይሄ ነው? ይሄ እኮ ራሱ ሕመምተኛ ይመስላል!»

«ተወው፣ ይሥራ» አለችው ሲስተር ጡሜ። ወደኔ ዞራ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችኝ። ሕመሙ የጀመረው ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ መሪው ላይ እንዳለ ነው። አስፕሪን ሰጥታዋለች። ልቡን የሚመግበው ደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ ከሆነ የሚያሟሟው መርፌ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ነገር ግን መርፌውን የሚያዘው ናይሮቢ ያለው ሐኪም ነው።

ሐኪሙ፣ ዶክተር ሙቲሶ፣ ስልኩ ላይ ነበር። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ድምፁ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ቃል በቃል ባላስታውሰውም ሐሳቡ ይህ ነበር፦ «ሳላይ አላዝም። የደረት ሕመም ሁሉ የረጋ ደም አይደለም። ሌላ ከሆነ መርፌው ራሱ ደም አፍስሶ ይገድለዋል። የረጋ ደም ከሆነ ደግሞ በየደቂቃው ልቡ እየሞተ ነው። ምስሉን ስጡኝ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ብሮውዘሩ ተከፍቷል። የጋሽ ደምሴ ስምና ዕድሜ ተሞልቷል። ከሥሩ በቀይ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ይላል፦ ረዳት ፕሮግራሙ አልተገኘም።

«ምንድነው የሚለው?» አለ ገመቹ ከትከሻዬ በላይ።

«ረዳቱ አልተገኘም ነው የሚለው።»

«ምን ማለት ነው? እኔ ይኸው ቆሜ!»

ከአልጋው ላይ የመታፈን ያህል ቀጭን ሳቅ ሰማሁ። ጋሽ ደምሴ ነው። ወዲያው ሳቁ ወደ ማቃሰት ተለወጠ።

እኔ ሰው ከኋላዬ ሲቆም ጣቴ የማይታዘዘኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን የራሴን ፓስዎርድ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። በሦስተኛው በአስተዳዳሪ ሥልጣን ተርሚናል ውስጥ ገባሁ፤ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሁሉ ማየትና መቀየር በሚያስችለው ጥቁር መስኮት። ከዚያ እንደ ልማዴ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ።

ደብዳቤዋ ፋይል ትክክለኛው ፎልደር ውስጥ አለች? አለች። ሁሉም አካውንት የሚያያት ቦታ ላይ ነው ያስቀመጥኳት። ስሟ ላይ የተሳሳተ ፊደል አለ? የለም። የኤክስቴንሽኑ መለያ ሠላሳ ሁለት ፊደል ነው፤ በወረቀት ገልብጬ ከብሮውዘሩ ጋር ፊደል በፊደል አመሳከርኩ። ልክ ነው። ረዳት ፕሮግራሙ በተጻፈው ቦታ አለ? አለ። የመሥራት ፈቃድ ተሰጥቶታል? ተሰጥቶታል። በእጄ አስነሳሁት፤ የሳጥኗ መብራት አረንጓዴ ሆነ።

«በራ! በራ!» አለ ገመቹ።

ወደ ብሮውዘሩ ተመለስኩ። ረዳት ፕሮግራሙ አልተገኘም።

ያ ነው ፍርሃት ማለት። ዕቃው ተበላሽቶ ቢሆን ተበላሽቷል እል ነበር። በዓይኔ የማየውን፣ በእጄ አስነስቼ መብራቱን ያበራሁትን ነገር ማሽኑ «የለም» እያለኝ ነው። ብሮውዘሩን ዘግቼ ከፈትኩ። ያው ነው። ኤክስቴንሽኑን አውጥቼ መልሼ ጫንኩ። ያው ነው።

«ገመቹ…» አለ ጋሽ ደምሴ።

«አቤት ጋሼ።»

«ሞተሩን አጥፍተኸዋል?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ጎማው ሥር ታኮ አድርገሃል? ቁልቁለት ነው።»

«አድርጌያለሁ ጋሼ። አንተ ዝም ብለህ ተንፍስ።»

ከሁለት ደቂቃ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ጠየቀ። ገመቹም ያንኑ መልስ መለሰለት። ከዚያ ሲስተር ጡሜን በክንዷ ያዛት።

«መርፌውን ስጪው! ምን ትጠብቂያለሽ? ይሄ ልጅ ጨዋታ ላይ ነው!»

«ልቀቀኝ። ሐኪሙ ሳላይ አላዝም ብሏል።»

«ሐኪሙ ናይሮቢ ነው! ሰውዬው እኮ እዚህ ነው የሚሞተው!»

ሲስተር ጡሜ ፍሪጁን ከፈተች። መርፌውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ከስልኩ አጠገብ አስቀመጠችው። አልነካችውም። ትመለከተው ነበር። ዓይኗን አንስታ አየችኝ፤ ያን አስተያየት አልረሳውም። ቁጣ አልነበረበትም። ፈርታ ነበር፤ የምትጠብቀው እኔን ነበር።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት። ለመነሳት ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። የሦስት ደቂቃ ርዝመት ምን ያህል እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ጋሽ ደምሴ ውሃ ለመነ፤ ከንፈሩን ብቻ አረጠቡለት። ጥፍሮቹ ሲጠቁሩ አየሁ። ዶክተሩ ስልኩ ላይ በየደቂቃው «አሁንስ?» ይላል።

አሁን የምጽፈውን ላልፈው ፈልጌ ነበር። ሆኖም ካለፍኩት ታሪኩ ውሸት ይሆናል። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሳለ ዓይኔ ወደ ጓሮ በር ሄደ። በሩ ክፍት ነው። በዚያ ወጥቼ በደረቁ ቦይ በኩል ብራመድ በአሥር ደቂቃ ሌላ አገር ነኝ። ሰውየው ከሞተ መጀመሪያ የሚጠየቀው ትናንት ማሽኑን የነካ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ መታወቂያ የለውም፣ ኪሱ ውስጥ የተቀደደ ወረቀት ነው ያለው። ደብተሩ ላይ ፊርማዬ አለ። እግሬ ከወንበሩ ሥር ተንቀሳቀሰ፤ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። ተረከዜ ከመሬት ተነስቶ ነበር።

ያስቀረኝ ጀግንነት አይደለም። ስክሪኑ በራ፤ ፓስዎርድ ጠየቀኝ፤ እጄም ከልማድ የተነሳ ወደ ኪቦርዱ ሄደ።

ሲስተር ጡሜ «ወዲያ»ን ከፈተችልኝ፤ እኔም ተርሚናሉ ውስጥ ዳግመኛ አስተዳዳሪ ሆኜ ገባሁ። አንድ ያልሞከርኩት ነገር ነበር። ብሮውዘርን በማውስ ጠቅ አድርጋችሁ ስትከፍቱት ችግሩን ለራሱ ይዞ ዝም ይላል። ከተርሚናል በትእዛዝ ስትከፍቱት ግን የሚያጉረመርመውን ሁሉ እዚያው ይጽፈዋል። ትእዛዙን ጻፍኩ። አልተከፈተም። በአስተዳዳሪ ሥልጣን አልነሳም፣ አደጋ አለው የሚል መልስ መጣ።

በዚያች ሰዓት ማሽኑን መሬት ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ባለኝ። ምርጫ ስላልነበረኝ ከአስተዳዳሪነት ወጣሁ። እንደ ማንኛውም የ«ወዲያ» ተጠቃሚ ሆኜ ያንኑ ትእዛዝ ደገምኩ። ብሮውዘሩ ተከፈተ። ሲስተር ጡሜ የጋሽ ደምሴን ገጽ ከፍታ «ጀምር» የሚለውን ነካች። ቀዩ ሳጥን መጣ። ተርሚናሉ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ወጣ። በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ ማስተዋወቂያውን አግኝቻለሁ፣ ፕሮግራሙን ግን በተባለው ቦታ አላገኘሁትም። ቀጥሎ ቦታው ተጽፏል። የአድራሻው ሁለተኛ ቃል «ወዲህ» ነበር።

ቀና ብዬ የስክሪኑን ጥግ አየሁ። እዚያ የተጻፈው «ወዲያ» ነው።

ሐሙስ ዕለት ፕሮግራሙን ያወረድኩት በ«ወዲህ» ሆኜ ነው። የወረደው የ«ወዲህ» የግል ፎልደር ውስጥ ነው፤ እዚያው ትቼው ደብዳቤዋ ላይ ያንኑ አድራሻ ጻፍኩ። አዲሱ ሲስተም ደግሞ የአንዱን አካውንት የግል ፎልደር ለሌላው ዝግ ያደርገዋል። «ወዲያ» ደብዳቤዋን ያነባል፣ አድራሻው ጋ ይሄዳል፣ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል፣ «የለም» ብሎ ይመለሳል። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ስፈትሽ የነበረው ሁሉንም በር በሚከፍት ሥልጣን ነው። ለእኔ አለ። ለሚፈልገው ሰው የለም።

«አገኘሁት» ያልኩ ይመስለኛል። ሲስተር ጡሜ ግን ምንም አልሰማሁም ብላኛለች።

የ«ወዲህ»ን ፎልደር በአንድ መስመር ለሁሉም መክፈት ይቻል ነበር። ግን የሌሎች ታማሚዎች መዝገብ እዚያ ውስጥ ነው፤ አንዱን ስህተት በሌላ ስህተት መድፈን አልፈለግኩም። ፕሮግራሙን ሁለቱም አካውንቶች ወደሚደርሱበት የጋራ ቦታ ገለበጥኩት። ደብዳቤዋን ከፍቼ አንዷን የአድራሻ መስመር አስተካከልኩ። ብቻዬን አንብቤ ማለፉን ስላላመንኩት ሲስተር ጡሜን «እዪልኝ» አልኳት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ፊደል በፊደል አነበበች። «ሳዋ» አለች፤ ልክ ነው ማለቷ ነው።

«ጀምር» የሚለውን ነካች።

የሳጥኗ መብራት አረንጓዴ ሆነ። ቀዩ ጠፋ። መስመሮቹ ከግራ ወደ ቀኝ መጓዝ ጀመሩ። የእኔን ልብ ሐሙስ ዕለት አይቼዋለሁ፤ ሾጠጥ ያለ ጫፍ ነበረው። የጋሽ ደምሴ ግን ጫፉ እንደ መቃብር ጉብታ አብጦ ወደ ላይ የተገፋ ነበር። ምንም የሕክምና ዕውቀት የለኝም፤ ቢሆንም ልክ እንዳልሆነ ገባኝ። ሰዓቱ አራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ነበር።

ስልኩ ላይ የወረቀት ድምፅ የመሰለ ነገር ተሰማ። ከዚያ ዶክተሩ አንድ ሁለት ጥያቄ ጠየቀ፤ ከዚህ በፊት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶት ያውቃል? በቅርቡ ኦፕሬሽን ተደርጓል? ሲስተር ጡሜ ስትተረጉምለት ገመቹ ለሁሉም «የለም፣ የለም» አለ።

«ስጪው» አለ ዶክተሩ። «አሁኑኑ።»

ሲስተር ጡሜ መርፌውን አነሳች። እኔ ወጥቼ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ።

ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ በመስኮቱ በኩል የጋሽ ደምሴ ድምፅ መጣ። «ገመቹ፣ ታኮው ድንጋይ ነው ወይስ እንጨት?»

«ድንጋይ ነው ጋሼ።»

«እንጨቱ እያለ?»

ገመቹ ሲያለቅስ የሰማሁት ያኔ ነው።

ጋሽ ደምሴ በአምቡላንስ ወደ ደቡብ፣ ትልቅ ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ ተላከ፤ ተረፈ። አንድ ወር ያህል ቆይቶ ወደ አገሩ ሲመለስ በሞያሌ በኩል ስለሚያልፍ ሲስተር ጡሜን ሊያመሰግን ክሊኒኩ መጣ። ደውላ ጠራችኝ። ላለመሄድ ሦስት ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር፤ ሆኖም ሄድኩ። በረንዳው ላይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከስቷል፤ ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስላል። ገመቹ አጠገቡ ቆሟል።

«ይኸው የኮምፒውተሩ ሐኪም!» አለ ጋሽ ደምሴ። «ና ልጄ፣ አንተ ነህ ያተረፍከኝ።»

«አይደለሁም» አልኩት። «ያዘገየሁህ ነኝ፣ ጋሼ።»

ሁሉንም ነገርኩት። ሐሙስ ዕለት ምን እንደሠራሁ፣ በየትኛው አካውንት እንደሞከርኩ፣ ምን ብዬ እንደፈረምኩ። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ እንደነበረም ነገርኩት፤ ከተደወለልኝ ሰዓት እስከ አረንጓዴው መብራት ቆጥሬዋለሁ። ስለ ጓሮ በሩም ነገርኩት።

«እኔ መጀመሪያም ብያለሁ!» አለ ገመቹ። «ብያለሁ ወይስ አላልኩም?»

ጋሽ ደምሴ እጁን አነሳና ዝም አሰኘው። መንገዱ ላይ የቆመውን ተሳቢያቸውን ያይ ነበር።

«ልቤ ደክሟል ብለውኛል» አለ በመጨረሻ። «ከባድ መኪና አትነዳም አሉኝ። ከዚህ በኋላ ይሄ ሽማግሌ ነው የሚነዳው፤ እንደሱ ፍሪሲዮን የሚያቃጥል ሰው አላየሁም።»

ገመቹ የወንበሩን መደገፊያ ከኋላ ያዘ።

«በሃምሳ ሁለት ደቂቃው ነው ወይ ብለህ ልትጠይቀኝ ነው። አላውቅም። እኔም ሁለት ኪሎሜትር ያህል እያመመኝ ነድቻለሁ፤ የኔም አለበት።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ተሳቢ ስትቀጥል የፍሬን ቱቦውን ታስራለህ፣ የመብራቱን ገመድ ትሰካለህ። ከዚያ ጋቢና ገብተህ ፍሬን ትረግጣለህ። የኋላ መብራት ይብራ አይብራ ከመሪው ሆነህ ታየዋለህ?»

«አላይም።»

«አታይም። ሠላሳ ዓመት ብትነዳም አታየውም። ለዚህ ነው ገመቹ ከኋላ ቆሞ 'በራ' የሚለኝ። እሱ ሳይል ተንቀሳቅሼ አላውቅም። አንተ ግን ብቻህን ረግጠህ ብቻህን 'በራ' አልክ።»

ይህን ብሎ ተነሳ። ትከሻዬን ይዞ ነው ደረጃውን የወረደው። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ገመቹ ከኋላው ሊደግፈው ሲቸኩል እኔን አልፎ ሄደ፤ ከዚያ ተመልሶ መጥቶ እጁን ዘረጋልኝ።

ዶክተር ሙቲሶን በኋላ በስልክ ጠይቄዋለሁ። ያ ጊዜ ከልቡ ምን ያህል እንደወሰደበት ማንም ሊነግርህ አይችልም አለኝ። ስለዚህ እኔም አላውቅም፤ ሳላውቅ እኖራለሁ። መታወቂያዬ ከዓመት በኋላ ወጣ። ፍርሃቱ ግን አልወጣልኝም፤ ዛሬም ስልኬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሲጮህ ተረከዜ ከመሬት ይነሳል።

እናንተ ይህን የምታነቡ ባለሙያዎች፣ የሠራችሁት ነገር ለእናንተ መሥራቱ ምንም ማለት አይደለም። ቁልፉ ሁሉ በእጃችሁ ነው፤ የትኛውም በር አይዘጋባችሁም። የሚዘጋው በሚቀጥለው ቀን በሚመጣው ሰው ላይ ነው። እኔ አሁን ሥራ ስጨርስ ከወንበሩ ተነስቼ የሚጠቀምበትን ሰው አስቀምጣለሁ፤ እጄን ወደ ኋላ አጣጥፌ እቆማለሁ። እሱ «በራ» እስኪል ደብተር አልነካም።

ያቺ የክሊኒኩ ደብተር እስካሁን አለች። ጋሽ ደምሴ በሄደ ዕለት ሲስተር ጡሜን አስፈቅጄ የሐሙሱን ገጽ ገለጥኩ። «ተፈትኗል» የሚለውን ልሰርዘው ብዕሬን አነሳሁ፤ ከዚያ እንዲነበብ መተው እንዳለበት ተሰማኝ። ከጎኑ ሁለት ቃል ጨመርኩበት፦ በወዲህ ብቻ።

ሲስተር ጡሜ አነበበችው። ብዕሩን ከእጄ ወሰደችና ከሥሩ በራሷ እጅ «አብሬው ነበርኩ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ፈረመች።